በብሮውዘር ይከፍታል እኮ!

ለኔትወርክ ክፍል ሰዎች ከቢሮው ሠራተኛ ሁሉ እንደ ፕሮግራመር የሚያስቸግር ደንበኛ የለም። ሌላው ሰው «ኢንተርኔት ጠፋ» ይላል፤ ይመጡለታል፤ ገመዱን ነቅለው መልሰው ይሰኩለታል፤ እግዜር ይስጥልኝ ብሎ ይሸኛቸዋል። ፕሮግራመሩ ግን «ኢንተርኔት አለ፤ ኮዴ ጋ ግን የለም» ብሎ ይጀምራል።

«በብሮውዘር ሞክረኸዋል?»

«በብሮውዘር ይከፍታል እኮ!»

«ከከፈተ ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?»

«ኮዱ ነው የማይከፍተው።»

«ኮዱ የእናንተ ነው፣ ወንድሜ። የእኛ ይሠራል።»

ስልኩ ይዘጋል። ባንክም ይሁን ዩኒቨርሲቲ፣ ከፕሮክሲ ጀርባ ተቀምጦ ኮድ የሚጽፍ ያገራችን ሰው ይህን ምልልስ በቃሉ ይዞታል። የሚያናድደው ሁለቱም ትክክል መሆናቸው ነው። ኔትወርኩ ይሠራል፤ ኮዱም ደኅና ነው። የጠፋው በመካከላቸው መግባት የነበረበት አንድ መስመር ሴቲንግ ነው፤ እሱን ማስገባት የማን ሥራ እንደሆነ ደግሞ ማንም ወስኖ አያውቅም።

አለቃ መጥተው ሥራው ለምን እንደዘገየ ሲጠይቁ ነገሩ ይብሳል። «ፕሮክሲው አስቸግሮን ነው፣ ጋሼ» ይባላሉ። «ማን ነው እሱ? ስልኩን አምጡልኝ፣ እኔ አናግረዋለሁ!»

ለጋሼም ለአንባቢም ላስተዋውቀው። ትልልቅ መሥሪያ ቤቶች እያንዳንዱ ኮምፒውተር እንደፈለገ ወደ ኢንተርኔት እንዲወጣ አይፈቅዱም። መውጫው ላይ አንድ ሰርቨር ያስቀምጣሉ። ኮምፒውተሩ የሚፈልገውን ለዚህ ሰርቨር ይነግራል፤ ሰርቨሩ በራሱ ስም ወጥቶ ይጠይቃል፤ መልሱን ተቀብሎ ያመጣል፤ በዚያውም ማን የት እንደሄደ ይመዘግባል፣ በሥራ ሰዓት ፌስቡክ ያማረውንም ሰው ይመልሳል። ሐሳቡ የዌብ እኩያ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። እ.ኤ.አ. በ1994 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) ጄኔቫ ላይ በተደረገው የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የዌብ ጉባኤ፣ አሪ ሉኦቶነንና ኬቨን አልቲስ ስለ ዌብ ፕሮክሲ የጻፉትን አቅርበዋል። ያኔ በዋናነት የታሰበው ሁለት ጥቅም ነበር። አንደኛው፣ ከፋየርዎል ጀርባ ያለ ሰው ዌብን እንዲያይ ማድረግ ነው። ሁለተኛው፣ አንዱ ያየውን ገጽ አስቀምጦ ለሚቀጥለው ከቅርብ መስጠት ነው። ሁለተኛው ዛሬ በአብዛኛው ቀርቷል፤ ገጹ ከሞላ ጎደል ሁሉ በኤችቲቲፒኤስ ተቆልፎ ስለሚመጣ ፕሮክሲው ብዙ ጊዜ የተሸከመውን አያየውም። የመጀመሪያው ግን እንዳለ አለ፤ ፕሮግራመሩን የሚያስለቅሰውም እሱ ነው።

ብሮውዘሩ ለምን ይከፍታል? ስለተነገረው ነዋ። ኔትወርክ ክፍል የፕሮክሲውን አድራሻ ዊንዶውስ ውስጥ አስገብቶለታል፤ ካልሆነም ፓክ የሚባል ፋይል ሰጥቶታል። ፓክ በ1996 ኔትስኬፕ ከሁለተኛው እትሙ ጋር ያመጣው በጃቫስክሪፕት የተጻፈ ትንሽ ፕሮግራም ነው። ብሮውዘሩ የሚሄድበትን አድራሻ ሲያሳየው፣ «በእገሌ ፕሮክሲ ውጣ» ወይም «በቀጥታ ሂድ» ብሎ ይመልስለታል። ብልህ ነገር ነው። ችግሩ አብዛኞቹ የኮድ ላይብረሪዎች ፓክን አለማንበባቸው ነው። እናም ብሮውዘሩ መንገዱን አውቆ ሲወጣና ሲገባ፣ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ያለው ኮድ በሩ የት እንደሆነ እንኳ አልሰማም።

ሰርግ ደግሶ ዘመዶቹን ለየብቻ ያልጠራ ሰው ምን እንደሚደርስበት ታውቃላችሁ። ለወንድምየው ነግሮ «ለእህትህም ንገርልኝ» ቢል እህት አትመጣም፤ ባትመጣም ደኅና፣ ለዓመታት ታኮርፋለች። የፕሮግራመር መሣሪያዎች እንዲህ ናቸው። ጊት የራሱ ሴቲንግ አለው። ኤንፒኤም የራሱ። ኡቡንቱ ላይ ሶፍትዌር የሚያወርደው አፕት የራሱ። ጃቫ ሌሎቹ አድራሻውን የሚያነቡበትን ቫሪያብል (ወደ በኋላ እመጣበታለሁ) አይቶ እንዳላየ ያልፋል፤ ፕሮግራሙ ሲነሳ በራሱ አጠራር ስሙ ተጠርቶ ሊነገረው ይገባል፤ ለኤችቲቲፒ ተነግሮት ለኤችቲቲፒኤስ ካልተደገመለት ደግሞ ግማሹን ያኮርፋል። ኖድም ከራሱ ጋር የሚመጣውን «ፌች» ስንት ዓመት ያለ ፕሮክሲ አስቀምጦት ኖሮ፣ ቫሪያብሉን እንዲያነብ የሚያደርግ ሴቲንግ ያገኘው በ2025 ነው፤ እሱም «ብራ» ካልተባለ አይበራም። ዶከር የቤተሰቡ ትልቅ ሰው ነውና ሦስት ጊዜ ይጠራል፤ ኢሜጅ ሲያወርድ አንድ፣ ኢሜጅ ሲገነባ ሁለት፣ ኮንቴይነሩ ሲነሳ ሦስት።

የኩርፊያው ክፋት ደግሞ ዝምታው ነው። ፋየርዎሉ በቀጥታ ልውጣ ያለውን ጥያቄ ብዙ ጊዜ «አይቻልም» ብሎ አይመልሰውም፤ ዝም ብሎ ይውጠዋል። ሊኑክስ ካልተነካ ከሁለት ደቂቃ በላይ ደጋግሞ ሲያንኳኳ ይቆይና «ታይምአውት» ይላል። በዚህ መካከል ፕሮግራመሩ ኮዱን ከላይ እስከ ታች ያነበዋል፤ ምንም ያልበደለውን መስመር ይቀይራል፤ እንደገና ሁለት ደቂቃ ይጠብቃል።

መቼም ስምምነት የሚመስል ነገር አልጠፋም። «ኤችቲቲፒ ፕሮክሲ»፣ «ኤችቲቲፒኤስ ፕሮክሲ» እና «ኖ ፕሮክሲ» የሚባሉ ሦስት ኤንቫይሮንመንት ቫሪያብሎች አሉ። አድራሻውን እዚያ ካስቀመጡት ፓይተን ያነበዋል፣ ጎ ያነበዋል፣ ከርል ያነበዋል። ነገር ግን ይህ ልማድ እንጂ ሕግ አይደለም፤ ተሰብስቦ ያጸደቀው የለም። ስለዚህ ስሙ በትልቅ ፊደል ይጻፍ ወይስ በትንሽ የሚለው እንኳ እስካሁን አልለየለትም። የእኛ ፊደል ከ200 በላይ ሆኖ ትልቅና ትንሽ ብሎ አያበላልጥም፤ የላቲኑ በ26 ፊደል ይህን ሁሉ ጣጣ ማምጣቱ ይገርመኛል። ብዙው ፕሮግራም ሁለቱንም ይቀበላል። ከርል ግን ለ«ኤችቲቲፒ ፕሮክሲ» ትንሹን ፊደል ብቻ ካልሆነ አላይም ይላል።

ግትርነት እንዳይመስላችሁ፤ ምክንያቱ የሌባና የፖሊስ ታሪክ ነው። ሲጂአይ በሚባለው የቆየ አሠራር ዌብ ሰርቨሩ ከጎብኚው የመጡትን ሄደሮች ይሰበስብና፣ የእያንዳንዱ ስም ፊት ላይ «ኤችቲቲፒ» ለጥፎ፣ በትልቅ ፊደል ቫሪያብል አድርጎ ለፕሮግራሙ ያስረክባል። አንድ ተንኮለኛ ጎብኚ «ፕሮክሲ» የሚል ሄደር ፈጥሮ የራሱን ማሽን አድራሻ ቢልክስ? ሄደሩ ሲደርስ «ኤችቲቲፒ ፕሮክሲ» የሚል ስም ይዞ ቁጭ ይላል። ፕሮግራሙም መሥሪያ ቤቱ የሰጠው ሴቲንግ መስሎት ወደ ውጭ የሚጠይቀውን በሌባው በኩል መጠየቅ ይጀምራል። ይህ ቀዳዳ በፐርል ላይብረሪ ውስጥ የታወቀው በ2001 ነው፤ ከርልም በዚያው ዓመት ደፈነው። ብዙዎቹ ወሬው አልደረሳቸውም። በ2016 ያው ቀዳዳ በፒኤችፒ፣ በጎና በፓይተን ፕሮግራሞች ውስጥ ተገኘ፤ «ኤችቲቲፖክሲ» የሚል ስም ወጣለት፤ የሰርቨር ባለሙያ ሁሉ ለጥገና ተሯሯጠ። አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ ክፍት የቆየ በር መሆኑ ነው።

«ኤችቲቲፒኤስ ፕሮክሲ» ከሚለው ስም ጫፍ ያለችው ኤስም ብዙ ሰው አስታለች። እሷ የምትናገረው ስለሚኬድበት ቦታ ነው እንጂ ስለ ፕሮክሲው አይደለም። ፕሮክሲው ራሱ በአብዛኛው የሚነጋገረው በተራው ኤችቲቲፒ ነው። «ኮኔክት» የሚል ትእዛዝ ከመድረሻው ስምና ከ443 ፖርት ጋር ይላክለታል፤ መስመሩን ይከፍታል፤ ከዚያ በኋላ የተቆለፈውን ሳያይ ያመላልሳል። ይህን ያልሰማ ሰው የቫሪያብሉ ስም ላይ ኤስ ስላየ የፕሮክሲው አድራሻ መጀመሪያ ላይም ኤስ ይጨምርለታል። የሚመለስለት ስህተት ብዙ ጊዜ ስለ ኤስኤስኤል ቨርዥን የሚያወራ ነው። ፕሮክሲ የሚል ቃል ላይኖርበት ይችላል። ሰውየውም ቀኑን ሙሉ ሰርተፊኬት ሲያገላብጥ ይውላል።

አሁን ደግሞ ፕሮክሲው ማንነትህን አሳውቀኝ የሚል ዓይነት ነው እንበል። ሲጠይቅ 407 የሚል ቁጥር ይልካል። ስምና ፓስወርድ በአድራሻው ውስጥ ይጻፋሉ፤ መጀመሪያ ስም፣ ከዚያ ሁለት ነጥብ፣ ከዚያ ፓስወርድ፣ ከዚያ @፣ በመጨረሻም የፕሮክሲው አድራሻ። እስቲ የመሥሪያ ቤቱን የፓስወርድ መመሪያ አስታውሱ፤ ትልቅ ፊደል፣ ትንሽ ፊደል፣ ቁጥርና ልዩ ምልክት ይኑርበት ይላል። ሕዝቡ ከልዩ ምልክቶች አብዝቶ ከሚወዳቸው አንዱ @ ነው። አድራሻው ሁለት @ ይኖረውና አንዱ ፕሮግራም ከመጀመሪያው ይቆርጠዋል፣ ሌላው ከሁለተኛው። መፍትሔው በፓስወርዱ ውስጥ ያለውን %40 ብሎ መጻፍ ነው፤ # ከሆነ ደግሞ %23። ይህን የሚነግር ሰው እስኪገኝ ድረስ ትክክለኛ ፓስወርድ እየጻፉ «ተሳስተሃል» መባል ነው።

ፕሮክሲው በዊንዶውሱ ኤንቲኤልኤም ካልሆነ አልነጋገርም ካለ ደግሞ ብዙው ላይብረሪ እጁን ይሰጣል። ያኔ ሲኤንቲኤልኤም የሚባል ትንሽ ፕሮክሲ በገዛ ኮምፒውተር ላይ ይጫናል። የዚህ የትንሹ ሥራ ትልቁን ማነጋገር ነው። ለፕሮክሲ ፕሮክሲ ተቀጠረለት ማለት ነው።

ፓስወርድ ደግሞ ጊዜው ያልፍበታል። መሥሪያ ቤቱ ቀይር ይላል፤ ሰውየው ይቀይራል፤ በአዲሱ ይገባል፤ ደስ ብሎት ማኪያቶ ሊጠጣ ይወርዳል። አሮጌው ፓስወርድ ግን ጊት ውስጥ አለ፣ ኤንፒኤም ውስጥ አለ፣ ዶከር ውስጥ አለ፣ ረስቶት የሚሄድ አንድ ስክሪፕት ውስጥም አለ። እነሱ በየደቂቃው በአሮጌው ያንኳኳሉ። ማኪያቶው ሳያልቅ አካውንቱ ይቆለፋል። ሄልፕ ዴስክ ይከፍትለታል፤ ተመልሶ ይቆለፋል። «ፓስወርድህን በትክክል ጻፍ እንጂ፣ ወንድሜ» ይባላል። ሰውየው ግን ኪቦርዱን አልነካም።

ከሁሉም የከፋው «ኖ ፕሮክሲ» ነው። ሥራው ቀላል ይመስላል፤ በፕሮክሲ ማለፍ የሌለባቸውን የውስጥ አድራሻዎች መዘርዘር። ካልተዘረዘሩ፣ አጠገብህ ያለው ክፍል ውስጥ ላለ ሰርቨር የላክኸው ጥያቄ እስከ መውጫው ድረስ ይሄድና ፕሮክሲው «እንዲህ የሚባል አላውቅም» ብሎ ይመልሰዋል። አንዳንዱ ፕሮግራም ይባስ ብሎ ራሱን ሊያነጋግር ፈልጎ፣ 127.0.0.1 የሚለውን የገዛ አድራሻውን ፕሮክሲውን ይጠይቃል። ስለዚህ ይዘርዘር። በምን ይለያይ? በኮማ፤ ጃቫ ግን በራሱ ሴቲንግ ውስጥ በኮማ አይሰማም፣ በቋሚ መስመር ነው የሚለየው። ለመሥሪያ ቤቱ ስሞች በሙሉ አንድ ጊዜ መጻፍ ቢፈለግስ? ጃቫ ኮከብ ያስገባል። ከርል ኮከብን የሚቀበለው ብቻዋን ስትቆም ነው፤ ያኔም «ሁሉንም ያለ ፕሮክሲ» ማለት ነው። ስሙ ፊት ላይ ነጥብ ብትቀመጥ ለጎ «ቅርንጫፎቹን እንጂ እናትየውን አይጨምርም» ማለት ነው፤ ለከርል ነጥቧ ኖረች አልኖረች ግድ የለውም። 10.0.0.0/8 ብሎ አንድ ሙሉ የውስጥ ኔትወርክ መጥቀስ ለጎ ይገባዋል፤ ከርል ግን ይህን የተማረው በ2022 ነው። ጊትላብ በ2021 የእነዚህን መሣሪያዎች ጠባይ እየመረመረ ረጅም ጽሑፍ አውጥቶ፣ አንድ ደንብ ይኑረን ብሎ ተማጽኗል። ተማጽኖው ጥሩ ነበር፤ መሣሪያዎቹ ግን እንደየጠባያቸው ቀጥለዋል።

ይህ ሁሉ ታልፎ ኮዱ ሠራ እንበል። በሱዶ፣ ማለትም በአስተዳዳሪ ሥልጣን፣ ሲነሳ ቫሪያብሎቹ ይራገፋሉ፤ ሱዶ በልማዱ የተጠቃሚውን ቫሪያብሎች አያሳልፍም። ፕሮግራም በሰዓቱ በሚያስነሳው በክሮን ሌሊት ሲነሳ ብዙ ጊዜ አያያቸውም። ኮንቴይነር ውስጥ ሲገባ ደግሞ 127.0.0.1 ማለት ኮንቴይነሩ ራሱ ይሆንና፣ ያ የተቀጠረው ትንሹ ፕሮክሲ የለም ይባላል። ቀን የሠራ፣ ሌሊት ያልሠራ ፕሮግራም ስታዩ ከድግምት በፊት ቫሪያብሉን ጠርጥሩ።

ስለ ሰርተፊኬት ባላነሳው ደስ ባለኝ። አንዳንድ መሥሪያ ቤት ፕሮክሲው የተቆለፈውንም ከፍቶ እንዲያይ ያደርጋል፤ ይከፍታል፣ ያያል፣ በራሱ ሰርተፊኬት መልሶ ይቆልፋል። ብሮውዘሩ ይህን ሰርተፊኬት እንዲያምን አስቀድሞ ተነግሮታል (ብሮውዘር ያልተነገረው ነገር የለም)። ፓይተን ግን በአብዛኛው የራሱ የሚያምናቸው ዝርዝር አለው፤ ጃቫም የራሱ፤ ኖድም የራሱ። ሁሉም «ይህን አላውቀውም» ብለው ይቆማሉ፤ ልክም ናቸው። ትክክለኛው ነገር የመሥሪያ ቤቱን ሰርተፊኬት ለእያንዳንዳቸው መስጠት ነው። የሚደረገው ግን ማጣራቱን የሚያጠፋ አንድ ቃል መጨመር ነው፤ አጠገቡም «ለጊዜው» የሚል ኮመንት ይጻፋል። ያ «ለጊዜው» ጸሐፊው ሥራ ለቆ ከሄደ በኋላ እንኳ እዚያው ይኖራል፤ ደንበኛው ገንዘብ የሚያስተላልፍበት ኮድ ውስጥ። ይህን ቀልድ ነው ብዬ ልጽፈው አልችልም። ይነቀል።

ሌላው በሽታ አድራሻውን ኮዱ ውስጥ መቅበር ነው። የዶትኔት ልጅ «ኒው ዌብፕሮክሲ» ብሎ የቢሮውን አድራሻ ከነፖርቱ ይጽፋል፤ ይሠራል፤ ይመረቃል። ማታ ላፕቶፑን ቤቱ ወስዶ ሲከፍት፣ ኮዱ በቤት ዋይፋይ ውስጥ ሆኖ የቢሮውን ፕሮክሲ ይፈልጋል። ሰርቨር ክፍል ሲገባ ደግሞ እዚያ ያለው ፕሮክሲ ሌላ ነው። ኔትወርክ ክፍል አንድ ቅዳሜ አድራሻውን ሲቀይርማ፣ አንድ ቁጥር ለመለወጥ ሶፍትዌሩ እንደ አዲስ ተገንብቶ፣ ተፈትኖ፣ ተፈርሞበት ሊወጣ ነው። ፓስወርዱም አብሮ ከተጻፈ ጊት ለዘላለም ያስታውሰዋል። አድራሻው ከኮዱ ውጭ፣ በአንድ ፋይል ወይም በቫሪያብል ይቀመጥ፤ ኮዱም ሲነሳ በየትኛው ፕሮክሲ እንደሚወጣ፣ ፓስወርዱን ደብቆ፣ ሎግ ላይ አንድ መስመር ይጻፍ። ይህች አንዲት መስመር ያለችበት ፕሮግራም ሲቆም ስልክ ከመደወሉ በፊት መልሱ ይገኛል።

የኔትወርክ ክፍል ወንድሞችና እህቶች፣ አንድ ልመና አለኝ። አዲስ ፕሮግራመር ሥራ ሲጀምር ከመታወቂያው ጋር አንድ ወረቀት ስጡት፤ የፕሮክሲው አድራሻና ፖርት፣ ማንነት የሚጠይቅ ከሆነ በየትኛው ዘዴ እንደሆነ፣ በፕሮክሲ የማያልፉ የውስጥ አድራሻዎች፣ የመሥሪያ ቤቱ ሰርተፊኬት የተቀመጠበት ቦታ። ግማሽ ገጽ አይሞላም። ሰርቨር ላይ የሚሠራ ፕሮግራም የሰው ስም ሳይሆን የራሱ አካውንት ይኑረው። ፕሮክሲው የሚቀየር ከሆነም አስቀድማችሁ ንገሩን፤ ቢቻል ቅዳሜ ቀይራችሁ ሰኞ ጠዋት አታስደንግጡን።